መድኃኒቱም የጋራ ቁጠባችን ነው

(የማኅበራችን የጤና ኮሚቴ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር)






ከእኛ በፊት የተናገሩት ኮሚቴዎች ስለ ቁጠባው፣ ስለ ብድሩና ስለ እንጀራ ሥራው ነግረውናል። እኛ ደግሞ ስለ ቆዳ ቁስል ልናወራችሁ ነው የመጣነው። «ይኼም አጀንዳ ሆኖ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ስለ ብጉንጅ፣ ስለ እከክና ስለ ጭርት በጉባኤ ፊት መናገር ለእኛም ትንሽ አሳፍሮን ነበር። ነገር ግን የማኅበራዊ ፈንዳችንን መዝገብ ገልጠን ስናይ «ለልጅ ቁስል መድኃኒት መግዣ» የሚል ምክንያት ደጋግሞ ተጽፎ አገኘን። ገንዘቡ ወጥቶ ቁስሉ ያልዳነበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እኛም ላለመደበቅ ወስነናል።

የአንዲት እህታችንን ታሪክ በፈቃዷ እንንገራችሁ። ስሟን አንጠራም። ትንሹ ልጇ በጣቶቹ መካከልና በወገቡ ዙሪያ ያሳክከው ጀመር። በተለይ ሌሊት ሌሊት አያስተኛውም። ሲያክ ቆሰለ፤ ቁስሉም መግል ያዘ። አንዲት ጎረቤቷ «አሞክሳሲሊን ስጪው፣ የእኔን ልጅ ያዳነው እሱ ነው» አለቻት። ይህቺ ጎረቤት ከእኛው አባላት አንዷ ናት። እናትየው ከፈንዱ ተበድራ ያለ ማዘዣ ገዛች። መግሉ ትንሽ ቀነሰ፤ ማሳከኩ ግን አልተወውም። በሳምንቱ ሌላ ዓይነት ገዛች። በዚህ መሐል ታላቅ እህቱን ያሳክካት ጀመር፤ ቀጥሎም እናትየዋን። በሦስተኛው ብድር «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብላ ገዛች። ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ወር አልፎት አንድ ቀን ጠዋት ፊቱ አብጦ ተነሣ፤ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቆረ። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል የሄዱት።

በሽታው እከክ ነበር። እከክ የሚመጣው በዓይን ለማየት ከሚያስቸግር፣ ቆዳ ውስጥ ከሚቀበር ትንሽ ነፍሳት ነው። የተሰጡት ካፕሱሎች ባክቴሪያን እንጂ ይህን ነፍሳት አይገድሉም። ልጁ ባከከ ቁጥር ቆዳው ይቆስላል፤ በቁስሉ ባክቴሪያ ይገባል፤ ከነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዱ ደግሞ ኩላሊትን እስከ ማወክ ይደርሳል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ታክሞ ድኗል፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። እናትየው ግን የሦስት ጊዜ ብድሯን ገና ከፍላ አልጨረሰችም።

ይህን የምንናገረው እሷን ለመውቀስ አይደለም። መድኃኒቱን የመከርናት እኛ ነን። ብድሩን ሦስት ጊዜ የፈቀድነውም እኛ ነን። ስንት ብር እንደምትፈልግና መቼ እንደምትመልስ ጠየቅናት። «ለመሆኑ የልጁ በሽታ ምንድን ነው? ማን አየው?» ብላ የጠየቀች ግን ከመካከላችን አንዲትም አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴያችን ለረጅም ዓመታት በጤና ጣቢያ ያገለገሉትን፣ አሁን ከእኛ ጋር የሚቆጥቡትን ሲስተር አስቀምጦ ጠየቀ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ጋበዝን። የተማርነውን እንደሚከተለው እናካፍላችኋለን።

የመጀመሪያው ትምህርት፣ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሁሉ በአንቲባዮቲክ አይድንም የሚለው ነው። አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው። ጭርት የሚመጣው ከፈንገስ ነው፤ የሚድነውም በፈንገስ ቅባት ነው። ቋቁቻም እንደዚሁ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምችና አልማዝ ባለጭራ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። አልማዝ ባለጭራ ግን ዓይን አካባቢ ሲወጣ አደገኛ ነው፤ ሕክምናውም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ችፌ ጨርሶ ጀርም ያመጣው በሽታ አይደለም፤ የቆዳ መድረቅና መቆጣት ነው። ለሳሙና፣ ለበረኪናና ለሽንኩርት ቀኑን ሙሉ የተጋለጠ የእኛ እጅ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

እከክ ከሆነ ደግሞ ዋናው ቁም ነገር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መታከማቸው ነው። አንዱ ከቀረ ተመልሶ ሁሉንም ይይዛል። ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ከአንገት በታች መላ አካል ተቀብቶ ያድራል፤ በሳምንቱ ይደገማል። ለሕፃናት አቀባቡ ስለሚለይ ባለሙያ ይጠየቃል። አይቨርሜክቲን የሚባለው ክኒን ለነፍሰ ጡርና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጆች አይሰጥም። ልብስና አንሶላው በፈላ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከታከሙ በኋላም ማሳከኩ ለሁለት፣ ለሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያላወቀች እናት «አልሠራም» ብላ ወደ ካፕሱሉ ትመለሳለች።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ባክቴሪያ ያመጣው ቢሆንም እንኳ ሁልጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት አያስፈልገውም የሚለው ነው። ብጉንጅን እንውሰድ። ትንሽ ብጉንጅ በሙቅ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሲያዝ ብዙውን ጊዜ ራሱ ፈርጦ ይድናል። ትልቅ ከሆነና መግል ከቋጠረ ደግሞ ዋናው ሕክምና በጤና ባለሙያ እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ተከፍቶ መግሉ መውጣቱ ነው። መግሉ እንደተጠራቀመ ካፕሱል መዋጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቤት ውስጥ በመርፌ መውጋትና መጭመቅ ግን፣ በተለይ ፊት ላይ፣ ክፉ ነገር ያመጣል።

ልጆች አፍና አፍንጫቸው ዙሪያ ቢጫ ቅርፊት የሚያወጣ ቁስል ይይዛቸዋል። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ በሳሙናና በውኃ አጥቦ፣ ቅርፊቱን አለስልሶ አንሥቶ፣ ባለሙያ ያዘዘውን ቅባት መቀባት ሊበቃው ይችላል። ከሰፋ የሚዋጥ ይታዘዛል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ለ5 ቀን ያህል ነው። እዚህ ላይ ሲስተር የነገሩንን አንርሳ። የቆዳ መግልን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ ደግሞ አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ነገር ያመነጫል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያዘው እንደ ክሎክሳሲሊን ወይም ሴፋሌክሲን ያለውን ነው። «የእኔን ልጅ ያዳነው» የምንለው አሞክሳሲሊን ለጎረቤት ልጅ ቁስል ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ምናልባት የእኛም ልጅ የዳነው ስላጠብነው ይሆናል።

እንጀራ ስንጋግር የምንቃጠለውስ? ወዲያው ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባበትም። «እንዳያመረቅዝ» ተብሎ አስቀድሞ የሚዋጥ አንቲባዮቲክም አያስፈልገውም።

አሁን ሁላችንም ያደረግነውን አንድ ነገር እናንሣ። ባለ ሁለት ቀለሙን ካፕሱል ከፍተን ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ። ከመካከላችን ይህን ያላደረገች ካለች እጇን ታንሣ። (ሳቅ) እናቶቻችን ሲያደርጉ አይተን ነው የተማርነው፤ በክፋት አይደለም። ዱቄቱ የተሠራው ግን ሊዋጥ ነው። ቁስል ላይ ሲነሰነስ ጋግሮ ከላይ ይሸፍነዋል፤ ከሥር መግል ቢኖር አይታይም። ቆዳው ሊቆጣ፣ ሰውነትም መድኃኒቱን ሊጠላው ይችላል። ያለ ልክ የሚነሰነስ መድኃኒት ባክቴሪያውንም ያለማምዳል። ቁስልን የሚያጸዳው ንጹሕ ውኃና ሳሙና ነው።

ሌላው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ድብልቅ ቅባት ነው። በአንዱ ቱቦ ውስጥ የባክቴሪያ፣ የፈንገስና የስቴሮይድ መድኃኒት ተቀላቅሎ ይሸጣል። ስቴሮይዱ ማሳከኩንና ቅላቱን ስለሚያጠፋው የዳንን ይመስለናል። ጭርት ከሆነ ግን ከሥር ይስፋፋል፤ መልኩም ተለውጦ ሐኪሙን ያሳስታል። ፊት ላይ ደጋግሞ የተቀባ እንደሆነ ቆዳን ያሳሳል።

እህቶቻችን፣ ሦስተኛው ትምህርት እኛና ሐኪሞቹን የሚመለከት ነው። ሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ያዛል። ማዘዣ ሲጻፍ ግን ሁልጊዜ አስፈላጊ ሆኖ ነው ወይ? ሲስተር በግልጽ መለሱልን። «ደጅ ላይ ብዙ ሰው ተሰልፏል። እናትየው ከሩቅ መጥታለች። ‹አጥቢው፣ በሦስት ቀን ተመለሺ› ስላት ፊቷ ይጠቁራል፤ ‹ባዶ እጄን ሰደደችኝ› ብላ ትሄዳለች። ማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል፤ መጻፍ ግን ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ደክሞኝ የጻፍኩበት ቀን ነበር» አሉን። ይህን ስንሰማ ዝም አልን። ምክንያቱም ያቺ ፊቷ የጠቆረው እናት እኛ ነን። አንድ ጤና መኮንን መድኃኒት ሳያዝልን ቢመልሰን «ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል» ብለን በቡና ላይ አምተነዋል። እሱ ግን ቁስሉን ገልጦ አይቶ፣ ምን እንደሆነ ነግሮን፣ መቼ እንደምንመለስም ቀጥሮን ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግልን?

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ አራት ጥያቄ ይዘን እንሂድ። በሽታው ምንድን ነው? አንቲባዮቲክ የግድ ያስፈልገዋል ወይስ ማጠብና መቀባት ይበቃዋል? የሚያስፈልገው ከሆነ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን ነው? ምን ምልክት ካየሁ ሳልዘገይ ልመለስ? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ደግ ሐኪም እንዲያውም ይደሰትበታል።

መድኃኒቱ ከታዘዘልን ደግሞ እንደታዘዘው እንወስዳለን። ሻል ሲለን በራሳችን አናቋርጥም፤ ከተባለውም አናስረዝምም። ግማሹን ለሚቀጥለው ጊዜ አናስቀምጥም፤ ለጎረቤትም አናካፍልም። ቡና፣ ጨው፣ ሊጥ እንካፈል፤ አንቲባዮቲክ ግን አይካፈሉትም። ለእኛ የታዘዘው ለነፍሰ ጡር ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን ክኒን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይሰጥም፤ የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ያበላሻል።

ግን አደራ፣ የተናገርነው ተገልብጦ እንዳይሰማ። «አንቲባዮቲክ መጥፎ ነው» አላልንም። ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው፤ የምንቆጥበውም ለዚህ ነው። አንዲት ሌላ አባላችን የስኳር ሕመምተኛ ናት። እግሯ ላይ የወጣውን ትንሽ ቁስል «ራሱ ይድናል» ብላ በጨርቅ ጠቅልላ ሰነበተች። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ቅላቱ እስከ ጉልበቷ ወጥቶ ነበር። ለጥቂት ነው እግሯ የተረፈው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሳንዘገይ የምንሄድባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ቆዳው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ቅላቱ እየሰፋ ሲሄድ፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር፤ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን በላይ ሲሆን፤ ቆዳው ሲጠቁር ወይም ቀይ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ፤ ቁስሉ ዓይን አካባቢ ሲሆን፤ ታማሚው ጨቅላ ሕፃን፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም ሌላ አቅም የሚያዳክም በሽታ ያለበት ሲሆን፤ እንዲሁም የልጅ ፊት ሲያብጥ ወይም ሽንቱ ሲጠቁር። ቅላቱ መስፋት አለመስፋቱን ለማወቅ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ማስመር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል፤ ግን እያሰመርን አንቀመጥ። ውሻ ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን መሄድ ነው።

አሁን የንግግራችን ርእስ ወደሆነው ነገር እንምጣ። መድኃኒቱ የጋራ ቁጠባችን ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቆዳችን ላይና በአንጀታችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው አይጎዳንም፤ ይጠቅመናልም። አንቲባዮቲክ በወሰድን ቁጥር ገሮቹ ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ይቀራሉ። ማሳው ባዶ ሲሆንላቸው እነሱ ይራባሉ። ከእኛ ወደ ልጃችን፣ ከልጃችን ወደ ጎረቤት ይተላለፋሉ። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፤ መድኃኒቱ ማንም ከሱቅ የሚገዛው ሲሆን ሰው ከልክ ያነሰ እየወሰደ ጀርሞቹን ያለማምዳቸዋል ብሎ። የፈራው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይመድባቸዋል፤ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚጠበቁ። ሲስተር ይህን ሲያስረዱን ወዲያው ገባን። እኛም እንደዚሁ ነው የምንሠራው። የዕለት ወጪ አለን፤ የብድር ገንዘብ አለን፤ የማይነካ መጠባበቂያም አለን። ለዕለት ወጪ መጠባበቂያውን የምትነካ ሴት ብትኖር ዝም አንላትም። «ጠንከር ያለ ስጡኝ» ብለን ለልጅ ብጉንጅ የምንገዛው መድኃኒት መጠባበቂያውን መንካት ነው። በምጥ ላይ የተመረዘች እህት፣ ደሟ ውስጥ ጀርም የገባ ጨቅላ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላት እናት በቸገራቸው ቀን መዝገቡ ባዶ ሆኖ እንዳያገኙት እንስጋ።

እንግዲህ ኮሚቴያችን ለጉባኤው አራት ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዱ ለሕክምና የሚወጣ ብድር መጀመሪያ ለምርመራ ይሁን። ለመድኃኒት መግዣ የሚጠየቅ ከሆነ ማዘዣው ይታይ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ማንም ወረቀት አይጠይቃትም፤ ገንዘቡ በዚያው ሰዓት ይሰጣታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነችው እህት በጤና ጣቢያ የመታከም መብት እያላት ተበድራ ከመድኃኒት ቤት መግዛቷ ያሳዝናል፤ አባል ያልሆናችሁም በምዝገባው ጊዜ እንድትገቡ አደራ እንላለን።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ የቁጠባ ቀን 10 ደቂቃ ለጤና ይሰጥ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በተመቻት ቀን ትገኛለች።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ቤት ያለውን የተረፈና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሰብስበን ወደ ጤና ጣቢያው እንውሰድ፤ እንዴት እንደሚወገድ እነሱ ያውቃሉ። ሽንት ቤትም ሜዳም አይጣል።

አራተኛው ለለጋሾቻችን ነው። ውድ ወዳጆቻችን፣ ከውጭ አገር ስትመጡ ቦርሳ ሙሉ መድኃኒት ይዛችሁልን የመጣችሁበት ጊዜ አለ። ልባችሁን እናውቀዋለን፤ እናመሰግናለንም። ነገር ግን ስሙን ማንበብ ያቃተንን ካፕሱል በየቤቱ አከፋፍለናል፤ ይህ ስሕተታችን ነው። ከእንግዲህ ሳሙና፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የሚታጠብ አንሶላ ብትረዱን ከመድኃኒቱ ይልቅ ብዙ ቁስል ይቀንስልናል። እከክም የልጆች ቁስልም የሚበዛው ውኃ በጠፋበት፣ ብዙ ሰው በአንድ ምኝታ በሚያድርበት ቤት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ሙሉ የሚበቃ የእከክ ቅባት በጤና ጣቢያው በኩል እንዲገኝ ብትደግፉንም ደስ ይለናል።

እህቶቻችን፣ ያቺ ሦስት ጊዜ የተበደረችው እናት ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ይህን እንድንናገር የፈቀደችው «ሌላዋ እኔን እንዳትሆን» ብላ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ወደ እሷ መጥታ «ምን መድኃኒት ልግዛለት?» ስትላት፣ እሷ የልጁን እጅ ገልጣ አየችና «መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንጠይቅ፤ ነይ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት። ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከእያንዳንዳችንም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

ሐሳቦቹን ተወያይታችሁ እንድታጸድቁልን በአክብሮት እንጠይቃለን።